የሬንጁ ጭማሪ

ከደቻቱ ማዶ፣ ኒሟ ጥላዋን በጣለችበት፣
ላቫጆ ነው የኔ ቤት፦
አንድ የውሃ ጎማ፣ ሁለት ባልዲ፣ ያረጀ ካናቴራ፣
በሃይላንድ ላምባ፣ ደግሞም ጥፍሬ ለግትር ላሜራ።

ጠዋት አንዲት ፔጆ መጣች፣ ሰማያዊ፣ አራት መቶ አራት፣
እስከ ወገቧ ሙሽራ፣ ከወገብ በታች ሌላ ናት።
ከበሩ ሥር፣ ከፓራፋንጎው፣ እስከ ኋላ ጎማ ጓዳ
ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁር ሽፍታ፣ እንደ ኩፍኝ የፈነዳ።

አቶ ሙክታር ወረዱ፣ ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ፦
"ቶሎ በል አቦ፣ ሰርግ አለብኝ፣" አሉኝ ሳይጠፋ ሞተሩ።
"በቢላዋ ፋቀው በቃ።"
"በቢላዋማ ከሬንጁ በፊት ቀለሙ ነው የሚነሳ፤
ሬንጅ ሲለምኑት እንጂ ሲቆጡት እጅ አይነሳ።"

ጨርቁን ላምባ አጠጣሁት፣ ለጠፍኩት በየቁስሉ፤
ፀሐይ ሳትበረታ ነው ደጉ፤ የድሬ ብረት ከጋለ ይተናል ላምባው በሙሉ።
ከዚያ መጠበቅ ነው።
ጥቁሩ ላብ ላብ ይለዋል፣ ይለሰልሳል፣ ይዝላል፣
እንዳለቀሰች ዓይን ኩል በላሜራው ላይ ይወርዳል።
ጠርጎ መገልበጥ ነው ጨርቁን፣ ጠርጎ እንደገና ማጠፍ፣
ያለዚያ ትርፉ ድካም ነው፣ ከዚህ ልጦ እዚያ መለጠፍ።

ሦስተኛው ጨርቅ ላይ ሽታው መጣብኝ።
አውቀዋለሁ።
ትናንት ማታ ቀድሞት ገብቷል፣ ከአባቴ ከዩያ ጫማ፣
ደንገጎ ላይ አስፋልት ሲያነጥፍ ውሎ ሲመለስ ከተማ።
ተረከዙን ዘይት እያሸ ያወራ ነበር ለእናቴ፦
"ሬንጁ ገና ይፈላል፤ ቀይ ጨርቅ ዘርግቼ በደረቴ
ቆሜያለሁ። አንድ ሰማያዊ ፔጆ ጡሩምባውን ነፍቶ መጣ፤
ቁም ብለው፣ ቁም ብለው፣ አቦ! በላዩ ላይ አልፎ ወጣ።
የቀኑን ሙሉ ሥራችንን፣ ሁለት መስመር፣ እንደ ማረሻ
ሸንትሮት ሄደ።" አለና ሳቀ።
እኛም ሳቅን እስከ መጨረሻ።

ሰማያዊ ፔጆ እዚህ አገር እንደ ፍየል ነው፣ ስንቱ አለ፤
ሬንጅም ስም አልተጻፈበት፣ ማን ከማን ይለያል እያለ
ልቤ ሲሟገት፣ እጄ ግን በጎማው ጓዳ ገባች፣
ከላሜራው ከንፈር ኋላ አንድ ነገር ነካች፦
ሦስት ጣት የምታህል ቀይ ቅዳጅ፣
በሬንጅ የተጣበቀች።

አባቴ ይህን አልነገረንም።
እንዲህ ቀርቦ እንዳለፈ
አልነገረንም።

ዞር አልኩ። አቶ ሙክታር ከኒሟ ሥር ስልክ ይዘዋል፣
ስለ ሙሽራው ሱፍ፣ ስለ ሙክቱ፣ ከልባቸው ይስቃሉ።
ክፉ ሰው አይመስሉም። ለኔም ውሃ ገዝተውልኛል።
ቅዳጇን ኪሴ ከተትኩ፤
ላምባውን በኦሞ አጠብኩ፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩ፣
ፊቴን እስካይ ድረስ ወለወልኩ።
ፊቴ ግን ታጥፎ ነበር፣ በሩ ላይ ባለው ስርጉዳት።

"ስንት ነው?"
"መቶ ሃምሳ። ለሬንጁ ደግሞ ሰባ።"
"ሰባ? ሬንጁን አንተ ነህ እንዴ የሸጥክልኝ፣ አንተ ሌባ?"
"የቤተሰብ ነው፣" አልኳቸው።
ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ከፈሉ፣ ጡሩምባ ነፍተው ሄዱ።
አባቴ በማንጠፍ፣ እኔ በማንሳት፤ ደሞዝ በላን ከአንድ ጉዱ።

ማታ አባቴ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።
እናቴ የዘይቱን ጠርሙስ ሸሽጋዋለች፤
የዘንድሮ ዘይት ለምግቡም አልበቃ ብላለች።
"ላምባ ተርፎሃል?" አለኝ።
"ተርፎኛል።"

ጨርቅ አነከርኩ፣ ተረከዙ ላይ ለጠፍኩ፣ ጠበቅን።
ኪሴ ውስጥ ያለችውን አላወጣኋት፤
እሱም ስለዚያች ፔጆ ዳግም አላነሳ።
ግድግዳው ላይ ተደግፏል ባንዲራው፣
አንድ ጥጉ የለም፤
እናቴ ጥጉን በነጭ ክር ልትሰፋው መርፌ ትፈልጋለች።